በሑዳዴ ያልገዛሁት ሞራ

ካዛንቺስ የነበረው የእንጨት ሥራ ቤታችን ሲዘጋ ዕቃ ማውጣቱ ለእኔ ወደቀ። ቦታው ለፎቅ ተፈልጓል፤ የእኔም ጉልበት እሺ አልል ብሏል። ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ጡረታ ወጣን ማለት ይቻላል። መላጊያውን፣ መጋዙን፣ ሞርሳውን ለሚሠሩባቸው ሰዎች ሰጠሁ። ከመደርደሪያው ሥር፣ አቧራ ውስጥ፣ ከጣቴ ብዙም የማይወፍር የነሐስ ቱቦ አገኘሁና እሱን ይዤ ሣጥን ላይ ቁጭ አልኩ።

ሊያግዘኝ የመጣው ጎረቤቴ «ጋሽ ተሰማ፣ ምን ሆኑ? ወርቅ አገኙ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ።

«የለም፣ ቱቦ ነው» አልኩት።

የዚህን ቱቦ ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም በእውነት ተናግሬ አላውቅም ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ ቢንዛዛ ይቅር በሉኝ። የሥራ ዘመናቸውን የሚጽፉ ሰዎች የሚኮሩበትን ያስቀድማሉ። እኔም የምኮራበት አላጣም፤ የሠራኋቸው በሮች ዛሬም ቂርቆስ ውስጥ ሳይጮሁ ይከፈታሉ። ዳሩ ግን እጄ ብዕር ሲይዝ የሚመጣልኝ በሩ አይደለም።

ሥራ የጀመርኩት ቂርቆስ፣ እንጨት መሸጫ ግቢ ውስጥ ጣውላ በመሸከም ነው። የግቢው አለቃ ትከሻዬን አይቶ ቀጠረኝ እንጂ ስሜን ለማወቅ ዓመት ፈጅቶበታል። ከዚያ የተማሪ ዴስክ የሚሠራ ቤት ገባሁ። እዚያ አለቃዬ «ዛሬ ስንት ወጣ?» ይላል፤ «ይነቃነቃል ወይ?» ብሎ አያውቅም። እኔም ጉድለትን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም መቀባትን እዚያ ተማርኩ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ እሱን እዚህ ላይ ልተወው።

ጋሽ ክፍሎም ጋ የገባሁት ዕድሜዬ ወደ አርባ ሲጠጋ ነው። የዓዲግራት ሰው ናቸው። ጉልምስናቸውን ምጽዋ ወደብ ላይ የመርከብ አናጺ ሆነው ጨረሱ፤ ወደቡ ሲቀር አዲስ አበባ መጥተው ካዛንቺስ ቁም ሣጥንና በር መሥራት ያዙ። በር ሲሠሩ እንኳ ባሕር ላይ የሚገጠም ይመስላቸው ነበር። አንዴ የማድ ቤት በር ሦስት ጊዜ ቀለም ሲያስቀቡኝ «ጋሼ፣ ማድ ቤት እኮ ነው፣ ማዕበል አይመታው» ብላቸው «እንፋሎትስ ከምን የመጣ መሰለህ?» አሉኝ።

ጥቂት ልማዶች ነበሯቸው። እንጨት የሚዳስሱት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነው፤ «መዳፍ ለምዶታል፣ ይዋሻል» ይላሉ። ሙጫም ሆነ ቀለም አሽትተው ነው የሚያምኑት። ሲያዙ ደግሞ ምክንያት አይነግሩም። «እንዲህ አድርግ» ይላሉ፣ አለቀ። ምክንያቱ ከወር በኋላ ራሱ መጥቶ ይገባሃል። ሥራ ሲያልቅ ዞር ብለው «አደረግከው?» ብለው ይጠይቁኛል፤ «አዎ ጋሼ» ካልኩ ደግመው አያዩትም። በዚያች አንዲት ጥያቄ ከአባቴ ቤት ይልቅ እሳቸው ጋ ሰው ሆኜ ነበር።

አንድ ቀን ካፒቴን ደምሰው ወረቀት ጠቅልለው መጡ። እሳቸውም የምጽዋ ሰው ናቸው፤ ባሕረኛ ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ክፍሎም ጋር ሻይ ይጠጣሉ። ወረቀቱን ሲዘረጉት ያገለገሉባት የጦር መርከብ ሥዕል ነው፤ ራሳቸው ከትዝታ የሣሉት።

«ክፍሎም፣ ይቺን ሥራልኝ» አሉ። «ለግድግዳ አይደለም። ውሃ ላይ የምትሄድ፣ በሪሞት የምትታዘዝ። ሪሞቱን ጅቡቲ ያለ ጓደኛችን ልኮልኛል።»

«ካፒቴን፣ አዲስ አበባ ላይ የት ሊነዷት ነው? ቀበና ወንዝ?»

«ቀልድ። ሆቴል መዋኛ አስፈቅጃለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መርከባቸው ለመጨረሻ ጊዜ ከወደብ ወጥታ የሰጠመችበትን ቀን የተረፉት ባሕረኞች በየዓመቱ ተሰብስበው ያስባሉ፤ ቀኑ ሁልጊዜ ሑዳዴ ውስጥ ይውላል። በዚያ ዓመት የሟቾቹን ሚስቶችና ልጆች ሊጠሩ አስበዋል። ካፒቴኑ ደግሞ አንድ ወረቀት አላቸው። በዚያች በመጨረሻዋ ጧት መርከበኞቹ ሃያ ሦስቱም በየእጃቸው የፈረሙበት ነው፤ ከመርከቧ የተረፈ ሌላ ነገር የለም። ያን ወረቀት ትንሿ መርከብ ውስጥ አስገብተው ሰዎቿን ይዛ ውሃ ላይ እንድትሄድ ነበር ምኞታቸው።

ሦስት ወር ሠራናት። ርዝመቷ ከክንዴ በእጥፍ ይበልጣል። አጥንቷን ከዋንዛ አወጣን፤ በላዩ ላይ ስስ ጣውላ በእንፋሎት እያጎበጥን አለበስናት። ቡልጋሪያ ሰፈር ካሉት ጋራዦች የመኪና አካል የሚጠገኑበትን ፋይበርና ሙጫ አምጥተን ከውጭ ሸፈንናት፤ በስቱኮ ሞላን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቅን፣ ግራጫ ቀለም ቀባን። መድፏን ጋሽ ክፍሎም ከወይራ ሲቀርጹ ሁለት ቀን አላናገሩኝም።

የሚያስቸግረው ከኋላ ነው። ሞተሩ ከውስጥ ነው፣ ፕሮፔለሩ ከውጭ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ ቀፎውን በስቶ ያልፋል። እዚያ ቀዳዳ ላይ የነሐስ ቱቦ ይተከላል፤ ዘንጉ ቱቦው ውስጥ ይሽከረከራል። እንዲሽከረከር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ክፍተት ካለ ደግሞ ውሃ ይገባል። ጋሽ ክፍሎም ይህን የሚያሸንፉት ወደቡ ላይ በለመዱት ነገር ነው። የከብት ሞራና ሰም አቅልጠው ይቀላቅሉና የጥጥ ፈትል ይነክሩበታል፤ እሱን ዘንጉ ዙሪያ ጠምጥመው በቀጭን እንጨት ይጠቀጥቁታል። ዘንጉ ይዞራል፣ ውሃው ይቀራል። ግራሶ የሚባለውን የማሽን ቅባት አይወዱም።

ከዚያ ፈተና አለ። የቀፎው ውስጥ በወንፊት የስንዴ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ ውሃ ላይ ትንሳፈፍና ትውላለች። ጠብታ ከገባ የነካው ቦታ ሊጥ ይሆናል፤ ከየት እንደመጣም መንገዱ ይታያል።

«ውሃ ይሉኝታ የለውም» ይሉ ነበር። «እንግዳ ነኝ፣ ደክሞኛል፣ አልተመቸኝም ብትለው አይሰማህም።»

የቀረን ይኸው ማሸግ ብቻ ሲሆን ከዓዲግራት የዘመድ ለቅሶ ተነገራቸው። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው «ከቄራ የኩላሊት ሞራ ግዛ፣ ጠንካራውን» አሉኝ። «ጾም ስለሆነ የእኛዎቹ ሥጋ ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከሙዘይን ግዛ። ሰሙን አብዛው።»

ለምን እንደሚበዛ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ቄራ ሄድኩ። ሙዘይን የሙስሊም ሥጋ ቤት ያለው የታወቀ ሰው ነው። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ በሩን አየሁት። ሑዳዴ ነው። እኔ ደግሞ የጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ፤ በዚያው ወር ዝክሩ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ከበሩ ሥጋ የመሰለ ጠቅልዬ ስወጣ አንድ የማኅበሬ ሰው ቢያየኝ ምን እለዋለሁ? «ለመርከብ ነው» ልለው? ማን ያምነኛል? ወደፊት ሁለት እርምጃ፣ ወደኋላ ሦስት። እንዲያው ስል የዕድራችን ፀሐፊ ሚስት እትዬ አልማዝ ከታክሲ ስትወርድ አየኋትና ቀጥ ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሱቅ ገባሁና የረጋ ዘይት ገዛሁ። ያው የጾም ወጥ የሚሠራበትን። ግራሶ ሥራ ቤቱ ውስጥ ነበር፤ ግን ግራሶ ጥቁር ነው፣ ያሳጣኛል። የረጋ ዘይት ነጭ ነው፤ ሲያዩት ሞራ ይመስላል። አዎ፣ ይህን አስቤዋለሁ። አላወቅኩም እንዳልል እጄ ነው የመረጠው።

ከሰም ጋር አቅልጬ፣ ፈትሉን ነክሬ ጠቀጠቅኩ። ከተሰነጠቀ በርሜል አስበይደን የሠራነውን ረጅም ገንዳ ሞልቼ፣ ዱቄት ነስንሼ አንሳፈፍኳት። ውሃው በረዶ ነበር። ማታ ስከፍታት ዱቄቱ እንደነበረ ነው። ጮቤ ረገጥኩ። «ታዲያ ሞራ ምን ሊያደርግ ነው?» አልኩ ለራሴ። የዴስኩ ቤት ትምህርቴ ተመለሰልኝ።

ጋሽ ክፍሎም የመጡት በዋዜማው ነው። ደክሟቸዋል። ዞር ብለው «አደረግከው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«እሰይ» ብለው ሊተኙ ሄዱ።

በነጋታው ሆቴሉ ውስጥ የነበረውን ሰው ዛሬም አልረሳው። ባሕረኞቹ ከረባት አስረዋል፤ ሴቶቹ ነጠላ ለብሰው መዋኛው ዳር ወንበር ላይ ተደርድረዋል። ካፒቴኑ ወረቀቱን አምጥተው መጀመሪያ ለሴቶቹ አሳዩ። አንዲት ዘነበች የሚሏት ቀጭን ሴት በጣቷ እየተከተለች ስትፈልግ ቆየችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«ይኸው። እሱ ነው። ፊርማው ላይ ጭራ ያበዛል፤ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ» አለች። ፎቶ እንኳ አልቀረላትም ተባለ። ወረቀቱን ሳመችው።

ካፒቴኑ ወረቀቱን ይዘው ወደ እኛ መጡ። «ክፍሎም፣ አንድ ብቻ ነው። በፌስታል ልጠቅልለው?»

ጋሽ ክፍሎም ሳቁ። «በፌስታል ከጠቀለሉትማ ተሰማን ሰደቡት ማለት ነው። የእሱ እጅ የእኔ እጅ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ሞራ ነው አይደል የጠቀጠቅከው?»

ሁሉም ያየኛል።

«አዎ ጋሼ፣ ሞራ ነው።»

ካፒቴኑ ወረቀቱን አጥፈው ከባትሪው ጎን አስቀመጡ፤ ክዳኑን ገጠሙ። እኔና ካፒቴኑ መርከቧን ይዘን ጎንበስ አልን። እጄ ውሃው ውስጥ ሲገባ ሞቀኝ። ለካስ የመዋኛው ውሃ ከመሬት ፍል ሆኖ የሚወጣ ነው። እስከ አንጓዬ ገባ፤ የረጋ ዘይት መጥበሻ ላይ እንዴት እንደሚቀልጥ ታየኝ። ሰሙን አብዛው ያሉኝ ሙቀት እንዲችል እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ልቀቃት» አሉ ካፒቴኑ።

ቆይ ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ወረቀቱን እናውጣው ማለት እችል ነበር። ሴቶቹ ቆመው እያዩ፣ ጋሽ ክፍሎም ፈገግ ብለው እያዩ።

ለቀቅኳት።

አቤት ስትሄድ! አፍንጫዋ ውሃውን ሰንጥቆ፣ ከኋላዋ ነጭ አረፋ እየተወች። ባሕረኞቹ ሳይባባሉ ቀጥ ብለው ቆመው ሰላምታ ሰጡ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። በሦስተኛው ኋላዋ ዝቅ ያለ መሰለኝ።

«ምነው ከበዳት?» አሉ ካፒቴኑ ሪሞቱን እየነካኩ።

መሐል ላይ ቆመች፤ አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ልክ እንደ እውነተኛ መርከብ፣ ወረደች። አንዷ ሴት «ዳግመኛ!» ብላ ጮኸች። ካፒቴኑ ከነሱፋቸው ዘለሉ። ይዘዋት ሲወጡ ውሃው ከውስጧ ይንዶለዶላል። ወረቀቱን ከፈቱት። ቀለሙ ፈሶ ሰማያዊ ውሃ ሆኗል። ከሃያ ሦስቱ ፊርማ የአንዱም ጭራ አይታይም። ዘነበች አይታው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ክፍሎም!» አሉ ካፒቴኑ። «ምን አደረግከኝ?»

ጋሽ ክፍሎም ከፊቴ አለፉና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔ ጥፋት ነው፣ ካፒቴን። ከሥራ ቤቴ የወጣች ናት። በእኔ ይሁን።»

ሥራ ቤት ስንደርስ ቱቦውን ነቅለው አወጡት። ጣታቸውን ከተው አሸተቱ። በሁለት ጣት አሹት። ደግመው አሸተቱ። ሞራ የማይጠፋ ሽታ አለው፤ ያ ግን ምንም አይሸትም።

«ቄራ ሄደህ ነበር?» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

መውጫ ሰጥተውኝ ነበር። አሁን ሳስበው በር ከፍተው ቆመው ነበር።

«ሄጄ ነበር» አልኩ። እውነት ነው፣ ሄጄ ነበር። ውሸትም ነው።

«እሺ» አሉ። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ቱቦውን መደርደሪያው ሥር ወረወሩት።

አልሰደቡኝም፤ አላባረሩኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን «አደረግከው?» ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔ የገጠምኩትን በር ራሳቸው ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። የቀባሁትን ራሳቸው ያሸቱታል። አሥር ዓመት አብረን ስንሠራ ያቺን ጥያቄ በየቀኑ ጠበቅኳት። አልመጣችም።

ካፒቴኑ ቅዳሜ ለሻይ መምጣት ተዉ። መንገድ ላይ ጋሽ ክፍሎምን ሲያዩ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ጋሽ ክፍሎም ሲሞቱ ድንኳኑ በካዛንቺስ ሰው ሞላ፤ ካፒቴኑ አልመጡም። ሥራ ቤቱ ለእኔ ቀረ፤ ሰውም «የክፍሎም እጅ» እያለ ያሠራኝ ነበር። እንዲህ ሲሉኝ የምገባበት ይጠፋኛል።

ይኸው ነው የሥራ ዘመኔ። ቱቦውን ባላገኝ ኖሮ ምስጢሩን ይዤ እሞት ነበር መሰለኝ።

ኪሴ ከትቼው ከቡልጋሪያ ጀርባ ወዳለው የካፒቴኑ ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ በዱላ ነው የሚሄዱት። መርከቧ ብፌው ላይ ናት፤ ከኋላዋ ያ ቀዳዳ እንዳለ። ሳልቀመጥ ቱቦውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሑዳዴውን፣ የሙዘይንን በር፣ ሙቁን ውሃ፣ ጋሽ ክፍሎም ጣታቸውን ያሸተቱትን።

ቱቦውን አንስተው በጣታቸው አዟዟሩት።

«ለቅሶው አልሄድኩም እኮ» አሉ በመጨረሻ። «ሚስቱ ገበያ ላይ ጎንበስ ብላ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዙሬባታለሁ። እሷም ሞተች። አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ለቅሶው ላይ? ድንኳን ውስጥ። ሰው አስተናግድ ነበር።»

«ታስተናግድ ነበር» አሉ። ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። «ይህን አሁን አምጥተህ እኔ ምን እንዳደርገው ነው? ለአንተ ቀለለህ። እኔስ?»

ይቅርታ ለማለት እንኳ አፈርኩ።

«መርከቧን ይዘሃት ውጣ» አሉኝ። «ቱቦዋን ትከል። ሞራ የት እንደሚሸጥ ታውቃለህ።»

ሑዳዴ ገብቶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ቄራ ሄድኩ። ሙዘይን ሸምግሏል፤ ልጁ ነው የሚቆርጠው።

«አባባ፣ ተሳስተው ነው? የእናንተ ጾም አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«አልተሳሳትኩም። የኩላሊት ሞራ ስጠኝ፣ ጠንካራውን።»

«በጥቁሩ ፌስታል ላድርግልዎ፣ ሰው እንዳያይብዎ?»

«በነጩ አድርገው» አልኩት።

ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬው መጣሁ። አንዲት የሰፈራችን ሴት አይታው አንገቷን ስታዞር አየኋት። ሃያ ዓመት የሸሸሁት ነገር ያ ብቻ ነበር፤ የአንዲት ሴት አንገት መዞር።

ቤቴ ሆኜ ሰሙን አብዝቼ ጠቀጠቅኩ። ሰፌድ የሚያህል የልብስ ማጠቢያ አይበቃትም፤ የጎረቤቴን ልጆች መዋኛ ገንዳ ተውሼ ሙቅ ውሃ ሞላሁበት፤ በየሰዓቱ እያሞቅኩ እጨምራለሁ። ዱቄት ነሰነስኩ፣ አንሳፈፍኳት። ካፒቴኑን ጠራኋቸው። በታክሲ መጡ፤ ወንበር ሰጠኋቸው፤ ከጧት እስከ ማታ ገንዳው ዳር ተቀምጠው ዋሉ። ሻይ ሳቀርብላቸው ጠጡ።

ሲመሽ ክዳኑን አነሳሁ። «ደረቅ ነው» ልል ነበር፤ አላልኩም። ራቅ ብዬ ቆምኩላቸው። እሳቸው እጃቸውን ሰደው፣ ከቱቦው ሥር፣ በጣታቸው ጠረጉና ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። ነጭ ነበር።

ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስሞቹን ራሳቸው ጽፈዋቸዋል፤ ሁሉም በአንድ እጅ፣ ያለ ፊርማ። እንዳየው ዘረጉልኝ። ቆጠርኩ፤ ሃያ አራት ናቸው። የመጨረሻው ክፍሎም ነው።

ወረቀቱን ተቀብዬ ላስገባ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም። ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና ራሳቸው አስገቡት።